ደፍ ላይ የሚበላ ሰው

የሠራተኛ ማኅበራትን የሚቃወመው «ለየብቻ» የተባለ ቡድን ሕጉን ካስጸደቀ ወዲህ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ሠራተኞች አንድ ገበታ ከቀረቡ እጃቸው ላይ የታሰረው አምባር ይጮኻል። እኔ፣ ባሌና ልጃችን ብሩክታዊት አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ስለምንሠራ፣ በየተራ አንዳችን ደፍ ላይ እንበላለን።

እሁድ ምሳ ላይ የቡድኑ ቀስቃሽ አቶ ሐመሶ ሁለት ባልደረቦቻቸውን አስከትለው መጡ፤ ማኅበር እንደማይጠቅመን ሊያስረዱን።

«መጀመሪያ ምሳ ብሉ» አልኩ።

ሦስቱም ገበታው ላይ እንደተቀመጡ አምባራቸው ጮኸ! አቶ ሐመሶ ደንግጠው ተነሡና ደፉ ላይ የዕለቱ ተረኛ ከነበረችው ከብሩክታዊት ጎን ተቀመጡ።

«አለቆቻችን እሁድ እንኳን አያሳርፉንም፣ ልጄ» ብለው አንሾካሾኩላት።

እየሳቀች አጎረሰቻቸው፤ ወዲያው ሌላ ጠቀለለች።

«ይድገሙ እንጂ፣ አንድ ያጣላል! ስለ እሁዱ ደግሞ እየበላን እንመካከራለን።»