ደሴቲቱ ስታልቅ

ማልታ ትንሽ መሆኗን የረገመው የዚያን ቀን ነው። እማማ ወርቅያንጥፉን ይዞ ሲዞር ውሎ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ደሴቲቱ አለቀችበት። ቢጫውን የድንጋይ ከተማ አሳያቸው፣ ቤተ ክርስቲያኑን ሁሉ አሳለማቸው፣ በአውቶቡስ እስከ ዳር ወስዶ መለሳቸው። እግሩ ዝሏል፤ ከእግሩ ይልቅ ግን ቀኑን ሙሉ ፈገግ ሲል የዋለ ፊቱ ደክሞታል።

«ይድነቃቸው መቼ ነው ከባሕር የሚመለሰው?» አሉት።

«ነገ ጠዋት፣ እማማ። ዓሣው በዝቶባቸው ነው።»

አብሮት ይኖር የነበረውን ይድነቃቸውን ባሕር የበላው፣ እናቱ ሊጠይቁት ከአዲስ አበባ ሊነሱ በተዘጋጁበት ሰሞን ነው። ከመንገድ ለገባ ሰው ወዲያው መርዶ አይነገርም። ስለዚህ የደሴቲቱ ሐበሾች ተማክረው ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ሊያረዷቸው፣ እስከዚያው እሱ ሊያስጎበኛቸው ተስማሙ።

ወደቡ ላይ፣ ፊታቸው ላይ ዓይን የተሳለባቸውን ጀልባዎች ሲያዩ እማማ ቆሙ።

«ዓይኑ ምን ያደርግላቸዋል?»

«ከአደጋ ይጠብቃል ይላሉ።»

 እማማ የገዛላቸውን ዳቦ ቆርሰው አጎረሱት። «ብላ እንጂ፤ ምንም ሳትቀምስ ዋልክ እኮ።»

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ እማማ ያደሩበትን ክፍል በር በቀስታ ከፈተ።

እማማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጥቁር ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ቀሚሱ ሻንጣ ውስጥ የታጠፈበት መስመር ገና አልጠፋም።

«ግቡ» አሏቸው። ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ።

«አንተ ግን ትንሽ ጋደም በል፣ ልጄ። ትናንት በጣም ደክሞህ ነበር።»