አያቱ ያልነኩት ልጅ

ሲስተሯ መብራት ያላትን ማጉያ ስልኳ ላይ ገጥማ በሕፃኑ የእጅ አንጓ ላይ አሳረፈቻት። ሳትፍቅ፣ ሳትወጋ፣ በስልኩ ላይ ለእናትየው አሳየቻት፤ ቆዳው ውስጥ የተቆፈረ ቀጭን መንገድ፣ ጫፉ ላይም ከጤፍ ያነሰ ጥቁር ነጥብ።

«እከክ ነው። ተባዩ ይኸውልሽ።»

«የሰው ዓይን አይደለም?» አለች በለጥሻቸው።

«አይደለም። እስቲ ያንቺን እጅ።»

ማጉያዋ በበለጥሻቸው ጣቶች መሃል ስታርፍ ያው መንገድ ታየ።

«ካንቺ ይዞት ይሆናል። ልጁን የሚያቅፍ ሁሉ የምሰጥሽን ቅባት ይቀባል። ሌላ ማን አለ?»

በለጥሻቸው እጇን በነጠላዋ ሸፈነች። ዓይናቸው ይበላል ብላ ልጁን አላሳቅፍ ያለቻቸው አማቷ፣ እስከሞቱበት ቀን ድረስ የልጅ ልጃቸውን ከደጅ ቆመው ነበር የሚያዩት።

«አያቱ ነበሩ» አለች ቀስ ብላ። «እሳቸው ግን አንድም ቀን አላቀፉት።»