ከትራሱ ሥር

የአረጋውያን መኖሪያው ሕግ ነርስ የተረከበችው ሰው እስኪሞት ድረስ ከግቢ እንዳትወጣ ያዛል። ሲስተር አመለወርቅ እትዬ ደብሪቱን ስትረከብ ልጇ ገና ስምንት ዓመቷ ነበር፤ የፊታችን እሑድ ትዳራለች።

ዛሬ ጠዋት አንሶላ ስትቀይር ከትራሱ ሥር የሳምንት የልብ ኪኒን ተጠራቅሞ አገኘች።

«ምንድን ነው ይሄ፣ እትዬ?»

«ተይው ባክሽ። ልጅቷ እናቷ ሳትመርቃት ልትዳር ነው?» አሉ አሮጊቷ።

አመለወርቅ የአልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ኪኒኖቹን መልሳ ብትሸጉጣቸው ማንም አያውቅባትም። እጇ ውስጥ በላብ እስኪርሱ ድረስ ጨብጣቸው ቆየች።

በመጨረሻ የዛሬውን ከውሃ ጋር አቀረበችላቸው። «በሞቴ፣ ይዋጡልኝ።»

እትዬ ደብሪቱ ጎረሱት፤ ውሃውንም ጠጡ።

«ምላስዎን ያንሱ፣ ልይ» አለች አመለወርቅ፤ ዓይኗ ግን በመስኮቱ አሻግሮ የግቢውን በር ያያል።