ከሰጋጅ ፊት

የሰዓዳ እናት ሶላት ከመጀመሯ በፊት ሻንጣውን ከመስገጃው ፊት አንስታ ጥግ አስጠጋችው። ሰዓዳ ደነገጠች። ከጅዳ ያመጣችው ክብ መጥረጊያ ማሽን በራሱ እየዞረ ወለሉን በመጥረግ ላይ ነበር። ማሽኑ ከግድግዳ ሲጋጭ ይመለሳል፤ ጨርቅና ገላ ግን ለስላሳ ስለሆኑበት አይታወቁትም። በቀደም እናቷ ለሱጁድ ተደፍታ ሳለች ግንባሯን ገጭቷታል። ከዚያ ወዲህ ልጇ ከጅዳ ይዛው የመጣችውን ትልቅ ሻንጣ ከፊቷ እያቆመች ነበር የምትሰግደው። ሰዓዳ «አልመለስም፤ እዚሁ ቆቦ ዕቃ እየጠገንሁ እኖራለሁ» ስትላትም፣ «መጀመሪያ ይህን ጥጋበኛ አደብ አስገዢው!» ብላታለች።

ሰዓዳም የማሽኑን የፊት መከላከያ ፈትታ፣ ለስላሳ ነገር የማይገፋውን ደረቅ ሞላ አውጥታ፣ ከብስክሌት ከመነዳሪ የቆረጠችውን ስስ ጎማ ተክታበታለች። በጣቷ ስትነካው ሠርቷል። በእናቷ ግንባር ግን አልሞከረችውም።

እናቷ ሱጁድ ወረደች። ማሽኑ እያጉረመረመ ወደ መስገጃው ዞረ። ሰዓዳ ልታነሳው እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ዛሬ ካነሳችው ዕድሜ ልኳን ስታነሳው ልትኖር ነው። ጥርሷን ነክሳ ቆመች። ማሽኑ የእናቷን ሻሽ ጫፍ ነካ። ቆመ። ከዚያ ወደ ኋላ አፈገፈገና በሌላ በኩል ዞሮ ሄደ።

እናቷ ሳትቸኩል ሶላቷን ጨርሳ ወደ ቀኝና ወደ ግራ አሰላመተች። ማሽኑን ዞር ብላ እንኳ አላየችውም።

«ሻንጣውን አራግፊልኝ» አለች መስገጃዋን እያጠፈች፤ «ለዘር ያልሁትን ማሽላ እጨምርበታለሁ።»