በሌለ ቤት ውስጥ

ሳይነግራት ጎንበስ አለች።

ከራሷ በላይ ምንም አልነበረም። አዳራሹ የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወንበሮቹ ለክረምቱ ዕረፍት ከግድግዳው ሥር የተደራረቡ፣ ወለሉ ባዶ። ዓይኗ በጥቁር ሻሽ ታስሯል። እንዲያም ሆኖ አንገቷ የማታየውን ጉበን አውቆ ዝቅ አለ፤ ካለፈችውም በኋላ ቀና አለ።

«ኩርፊያ! ያ ጣሪያ እኮ በመሰላልም አይደረስበት!» አለ አንዱ ካጠገቧ። ሌሎቹ ሳቁ።

እሷ አልሳቀችም። ክርኗን የያዘው እጅም ባለበት ደርቆ ቀርቷል።

ኩርፊያ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ካምፑ በገቡ ዕለት አሰልጣኟ «ስም ጠብ ይጭራል» ብላ ለሁሉም ቅጽል አውጥታላቸዋለች። ያደጉበትን ከተማ መጥራትም ክልክል ነው። ወንዝ ለሁለት ከፍሏቸው ሲታኮሱ የኖሩ ሰዎች ልጆች አንድ ማዕድ እንዲቀርቡ የተገኘው ዘዴ ይኸው ነበር። የዛሬው ጨዋታ ደግሞ «ቤት ማስጎብኘት» ይባላል፤ ከአንዱ ወገን የመጣ ልጅ ከሌላው ወገን የመጣውን ዓይኑን ሸፍኖ፣ በባዶው ወለል ላይ እየመራ፣ ያደገበትን ቤት በቃል ያሳየዋል።

እሷን የሚመራት ቀጮ ነው። የግቢውን በር፣ ጠርዙ የተሸረፈውን ደረጃ፣ ጠባቡን መተላለፊያ በለሆሳስ አሳልፏታል። ከመተላለፊያው ጫፍ ስላለው ዝቅተኛ በር ግን ገና አልተነፈሰም ነበር።

«ምነው ጎንበስ አልሽ?»

«እንጃ። ፈርቼ።»

«ምኑን?»

«አንተ ዓይንህን ቢያስሩህ አትፈራም?»

«እሺ፤ ወጥ ቤቱ በስተቀኝ ነው፤ ነይ» ብሎ ክርኗን ሳብ አደረገ።

እግሯ እምቢ አለ። በስተቀኝ ግድግዳ ነው። ወጥ ቤቱ በስተግራ ነው፤ እናቷ አሁን እዚያ ቆማ ሽንኩርት እየከተፈች ይሆናል። ሊፈትናት እንደሆነ የገባት ፈተናውን ከወደቀች በኋላ ነው።

ወደዚህ ስትመጣ አባቷ ሻንጣዋን እየዘጋ፣ «የቤት ነገር ከተነሣ አፍሽን ያዢ፣ ልጄ» ብሏት ነበር። «የኛን አቃጥለውታል። የዚህኛው ባለቤቶች የተገኙ እንደሆነ ሜዳ ላይ ነን።» ማዘዝ እንጂ መለመን የማያውቅ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ድምፁ የልመና ነበር።

አሁን ይጮኻል ብላ ጠበቀች። አልጮኸም። ወደ ጆሮዋ ቀረበ።

«አይዞሽ፣ ለማንም አልናገርም። ቤቱን አልፈልገውም። እስከ ጓዳው ብቻ አብረሽኝ ነይ።»

«ጓዳ የለውም» አለች፤ ወዲያውም አፏን በእጇ ያዘች።

«አለው።»

ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደሚመራ አይለይም ነበር። ባንድነት ወጥ ቤቱን አልፈው ወደ ግራ ታጠፉ፤ ባንድነትም በመኝታ ቤቱ ደፍ ላይ እግራቸውን ከፍ አድርገው ተሻገሩ። ከአልጋዋ ራስጌ ሲደርሱ ቆመ። እሷም ቆመች።

«እዚህ ጋ ቁም ሣጥን አለ» አለ ቀጮ። «ግድግዳውን የሚያክል።»

በእርግጥም አለ። እነሷ ሲገቡ ያገኙት ነው።

«የጓዳው በር ከኋላው ነው። የሸሸን ቀን አያቴ እግሯ አልሄድ አላት። እማዬ ውሃና ዳቦ ሰጥታ ጓዳ አስገባቻት። ወታደሮቹ እንዳያገኟት እኔና አባዬ ቁም ሣጥኑን ገፍተን በሩ ላይ አቆምነው። ጎረቤታችን በማግስቱ አንሥቼ ይዣት እመጣለሁ ብሎ ማለልን። ከዚያ ወዲያ እሱንም እሷንም ያየ የለም። እማዬ አንድ ቦታ አለች ብላ አሁንም የአያቴን ሳህን ታቀርባለች። እናንተ ስትገቡ ቁም ሣጥኑ ተነሥቶ ነበር፣ አይደል?»

ሲገቡ ክፍሉ ይሸት ነበር። አባቷ «አይጥ ሞቶ ነው» ብሎ ግድግዳውን ኖራ ቀባ። ቁም ሣጥኑን በትከሻው ቢገፋው አልነቃነቅ አለው፤ ዙሪያውን ቀብቶ ተወው። ራስጌዋ በኩል አንዳንዴ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ትሰማለች። እናቷ «እንጨት ነው፤ ብርድ ሲነካው ይጮኻል» ትላታለች። ልጅ ሳለች ለጨዋታ በጣቷ መልሳ ታንኳኳ ነበር። ያን ጊዜ ድምፁ ዝም ይላል፤ የሚያዳምጥ ሰው ዝም እንደሚለው።

«ተነሥቶ ነበር» አለች።

«ወዴት?»

ወደ ወዲያኛው ግድግዳ ልትጠቁም እጇን አነሣች። እጇ ግን ፊት ለፊቷ ሄደ፤ በደረቷ ትይዩ አየር ላይ ቆመ፤ ጣቶቿም የቁም ሣጥኑን እጀታ እንደ ጨበጡ ታጠፉ።

ክርኗን የያዘው የቀጮ እጅ ቀስ በቀስ ላላ።

«በቃ! ሻሻችሁን ፍቱ፤ ምሳ ደርሷል!» አለች አሰልጣኟ እያጨበጨበች።

ልጆቹ እየተሳሳቁና እየተጋፉ ወደ መውጫው ሮጡ። ኩርፊያ ሻሿን አልፈታችም፤ የእግራቸውን ድምፅ ብቻ ሰማች። ድምፁ እየጎረፈ መጥቶ ከፊቷ ሲደርስ ለሁለት ይከፈል፣ ምንም በሌለበት ወለል ግራና ቀኝ ይዞርና፣ አልፎ እንደገና ይገጥም ነበር።