ግራ እጅ

«ቀኝ እጃችሁን አንሱ» ሲባል፣ በአሌክሳንድሪያው ፍርድ ቤት አዳራሽ አሜሪካዊ ለመሆን ሊምል የቆመው ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ ማንሳት ጀመረ። መርዕድ ብቻ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ወረወረ፤ ልክ ድሮ በቀበሌ ስብሰባ «የአሜሪካ ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» ሲባል እንደሚያደርገው።

«አባዬ፣ ራይት ሃንድ! ራይት!» አለች ልጃቸው ከኋላ ወንበር በሹክሹክታ። አጠገቡ የቆመችው ሚስቱ ስንዱ ሳቅ አፍኗት የራሷን እጅ ማንሳት ረሳች። በዚያ ዘመን በቀበሌያቸው በተደረገ አንድ ስብሰባ ከታላቅ ወንድሟ በቀር ግራ እጁን ያላነሳ አልነበረም። እሱንም በማግስቱ ወሰዱት፤ ማን እንደጠቆመበት እስካሁን አልታወቀም። መርዕድ ስለዚያ ጊዜ በተነሳ ቁጥር «እኔም እንደ ሰው ሁሉ ፈርቼ ነው ያነሳሁት» ይላት ነበር፤ አርባ ዓመት ሙሉ አምናዋለች።

መርዕድ ቡጢውን አውርዶ ቀኙን ዘረጋ። ዓይኑ ግን ባንዲራው ላይ አላረፈም። አንገቱን ሳያዞር፣ እንደለመደው ሥራ ሳይቸኩል፣ እጁን ያላነሳ ሰው እየፈለገ ረድፉን ከዳር ጀምሮ ቃኘ። ስንዱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። እጇን ቶሎ አነሳች።