የሣለ ከሥር ይቁም

ክረምቱ ክፉ ነበር። ዝናቡ ቀን ከሌት አላባራም። አሸዋ የጫነው መኪና ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ ሰነበተ፤ ሲሚንቶው እርጥበት ገብቶት ጠጠረ፤ ሠራተኛው በሳል አለቀ። የንባብ አዳራሹ ሶሌታ፣ የኮንክሪት ጣሪያው፣ የተሞላው ዝናቡ ፋታ በሰጠ ሰዓት ነው። ቤተ ሙከራው የኮንክሪቱን ናሙና «አልፏል» ብሏል፤ ግን ለጥቂት።

ዛሬ ሶሌታውን ደግፈው የከረሙት ፑንቴሎዎች በገመድ ተስበው ይወድቃሉ።

አርክቴክቷ ከምታስተምርበት ክፍል በሩጫ ደርሳለች፤ እጅጌዋ ላይ ጠመኔ አለ። ተማሪዎቿ ከኋላዋ ቆመዋል። አዳራሹን የሣሉት እሷን ያስተማሩ ሽማግሌ ናቸው። የመጨረሻ ሥራቸው ነው። ያን ያህል ሰፍቶ መሐሉ ላይ ምሰሶ የለውም። የሰማ ሁሉ «አረጁ» ብሏል።

ሽማግሌው ሄልሜታቸውን አውልቀው ለአንዱ ተማሪ ይሰጣሉ። ደንቡ የራሳቸው ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን አስተምረውታል፦ የሣለ ከሥር ይቁም።

«ጋሼ፣ ይቅርብዎ» ይላል ፎርማኑ። «የዘንድሮን ክረምት እኔ አላምነውም።»

«አንተ ገመድህን ሳብ።»

ይገባሉ። ምሰሶ ሊኖር በሚገባው ቦታ፣ መሐል ላይ ይቆማሉ።

ገመዱ ይወጠራል። አንዱ ፑንቴሎ ይወድቃል። ሌላው ይከተላል። ከላይ የሆነ ነገር ቀጭ ይላል። ሽማግሌው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ይህን ፍርሃት አርክቴክቷ ታውቀዋለች። የመጀመሪያ ሥራዋ ጣሪያ ሥር ዓይኗን ጨፍና ስትቆም፣ እኚህ ሰው ሳይጠሩ መጥተው አጠገቧ ቆሙ፤ የመጨረሻው ድጋፍ እስኪወድቅ በጥያቄ አጣደፏት። ለመፍራት ጊዜ አልሰጧትም፤ ሲያበቃ ሙሉ ነጥብ ሰጧት። ብድሩ እስከ ዛሬ አለባት።

ሄልሜቷን አውልቃ ትገባለች።

«ውጪ! ተማሪዎች አሉሽ» ይላሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ፈተና ነው ጋሼ።»

«ሳላጠና?»

«ይህን ሰበብ ከማን ተቀብለው ያውቃሉ? መስኮቶቹን ለምን ከፀሐይ አዞሯቸው?»

«የአንባቢ ዓይን እንዳይወጋ።»

ፑንቴሎ ይወድቃል።

«ምሰሶውንስ ለምን ተዉት?»

«የሚያነብ ሰው ቀና ሲል የሚጋርደው እንዳይኖር።»

«ታዲያ ክብደቱ የት ገባ?»

«ይኸውልሽ...» ዓይናቸው ተገልጧል። በጣታቸው አየሩ ላይ ይሥላሉ፤ ድምፃቸው ወደ ክፍል ድምፅ ተመልሷል። ሲጨርሱ የሚወድቅ ፑንቴሎ፣ የሚሳብ ገመድ የለም።

«ስንት አገኘሁ?»

«ያኔ የሰጡኝን ያህል።»

ውጪ ዝናቡ ይወርዳል። ተማሪዎቹ እየተንጫጩ ይገባሉ። ፎርማኑ ትንሽ ቆሞ ወደ ላይ ያያል፤ ከዚያ ገመዱን እንደያዘ ሮጦ ሶሌታው ሥር ይጠለላል።